የቤዝ ጊታር ፒክአፕ ሽቦ አያያዝ፦ የትኛው አማራጭ ምን ዓይነት ድምፅ ይሰጣል?

የቤዝ ጊታሩ ድምፅ አልጥም ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያስበው አዲስ ፒክአፕ መግዛትን ነው። እኔ በዚህ ቅደም ተከተል አልስማማም። ፒክአፕ ከመለወጡ በፊት ያሉት ፒክአፖች እርስ በርስ እንዴት እንደተያያዙ መታየት አለበት። ያው ፒክአፕ፣ ያው ክር፣ ያው እጅ ሆኖ የሽቦው አያያዝ ብቻ ሲለወጥ፣ ደብዛዛና ከባድ የነበረው ቤዝ ጥርት ብሎ ሊደውል፣ ቀጭንና ሩቅ የነበረው ደግሞ ወፍሮ ወደ ፊት ሊመጣ ይችላል። ጥቂት ሽቦና አንድ ማብሪያ የሚያመጡት ለውጥ በውድ ፒክአፕ ከሚገኘው የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ካልወደዳችሁት ደግሞ የቀድሞውን አያያዝ መልሶ መበየድ ይቻላል፤ እንጨቱ አልተቦረቦረም፣ መሣሪያው አልተጎዳም።

አማራጮቹን ሁሉ በእኩል ክብደት አላቀርባቸውም፤ እኩል አይደሉምና። አንዳንዶቹ የመሣሪያውን ጠባይ የሚለውጡ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ማስተካከያ ብቻ ናቸው፣ አንዱን ደግሞ ለአብዛኛው ሰው አልመክረውም።

ድምፁ የሚለወጠው የት ላይ ነው?

ፒክአፕ ማለት ማግኔትና በማግኔቱ ዙሪያ በሺዎች ለሚቆጠር ዙር የተጠመጠመ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው። የብረት ክር ከላዩ ሲርገበገብ መግነጢሳዊው መስክ ይናወጣል፤ በሽቦው ጥቅል ውስጥም ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ይህን ያህሉን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚዘነጋው ቀጣዩ ነው፦ የሽቦው ጥቅል ኢንዳክታንስ (የኤሌክትሪክ ፍሰት ለውጥን የመቃወም ጠባይ) አለው፣ ከጊታሩ ወደ ማጉያው የሚሄደው ኬብል ደግሞ ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክን የማጠራቀም ጠባይ) አለው። ሁለቱ ተገናኝተው በአንድ የተወሰነ ድግግሞሽ ላይ ጉብታ ይፈጥራሉ። ከጉብታው በታች ያለው ድምፅ ሳይነካ ያልፋል፣ ጉብታው ላይ ያለው ጎልቶ ይወጣል፣ ከጉብታው በላይ ያለው ግን በፍጥነት ይወድቃል። አንዱን ቤዝ ብሩህ፣ ሌላውን ድፍን የምንልበት ዋናው ምክንያት ይህ ጉብታ የት ላይ እንደተቀመጠና ምን ያህል ሹል እንደሆነ ነው።

የሽቦ አያያዝ የሚነካው በቀጥታ ይህንን ነው። ኢንዳክታንስ ሲጨምር ጉብታው ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲቀንስ ወደ ላይ ይወጣል። በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) የሚለካው ኦም፣ ማለትም ሬዚስታንሱ፣ ስለ ሽቦው ርዝመትና ውፍረት ፍንጭ ይሰጣል እንጂ የፒክአፑን ጉልበትም ሆነ ጠባይ ብቻውን አይናገርም። ቢሆንም በተመሳሳይ አሠራር በተሠሩ ፒክአፖች መካከል ለማወዳደር ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠሩት የጊብሰን ኢቢ-0 ቤዞች የአንገት ፒክአፕ ሬዚስታንሱ ወደ 30 ኪሎ ኦም ይጠጋ ነበር። የአንድ የፌንደር ጃዝ ቤዝ ፒክአፕ ግን ብዙውን ጊዜ በ7 እና በ8 ኪሎ ኦም መካከል ነው። ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሰው የመጀመሪያው ለምን ያን ያህል ጥልቅና ጨለማ እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ትይዩ ወይስ ተከታታይ?

ሁለት ፒክአፕ ላለው ቤዝ ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ምርጫ ይህ ነው፤ ስለዚህም ረዘም አድርጌ እሄድበታለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው በፌንደር ጃዝ ቤዝና የእርሱን ፈለግ በተከተሉት ሁሉ ሁለቱ ፒክአፖች በትይዩ የተያያዙ ናቸው። የሁለቱም የምልክት ሽቦ በአንድ ቦታ ይገናኛል፣ የሁለቱም የመሬት ሽቦ በሌላ ቦታ ይገናኛል። በተከታታይ ሲያያዙ ግን ምልክቱ በአንደኛው ፒክአፕ ውስጥ አልፎ ወደ ሁለተኛው ይገባል፤ የአንዱ መጨረሻ የሌላው መጀመሪያ ይሆናል።

በቁጥር እንየው። እያንዳንዱ ፒክአፕ 4 ሄንሪ ኢንዳክታንስ አለው እንበል፤ የ5 ሜትር ኬብልና የፒክአፑ የራሱ ካፓሲታንስ አንድ ላይ 600 ፒኮፋራድ ይሁን። አንዱ ፒክአፕ ብቻውን ሲሠራ ጉብታው 3250 ኸርትዝ አካባቢ ይቀመጣል። ሁለቱ በትይዩ ሲያያዙ ኢንዳክታንሱ ወደ 2 ሄንሪ ይወርዳል፣ ጉብታው ወደ 4600 ኸርትዝ ይወጣል። በተከታታይ ሲያያዙ ግን ኢንዳክታንሱ 8 ሄንሪ ይሆናል፣ ጉብታው 2300 ኸርትዝ ላይ ያርፋል። ከትይዩ ወደ ተከታታይ መሻገር ማለት የጉብታውን ቦታ በግማሽ ዝቅ ማድረግ፣ በሙዚቃ ቋንቋ አንድ ሙሉ ኦክታቭ ማውረድ ነው። በማጉያው ላይ ያለው የቀጭን ድምፅ ማዞሪያ ይህንን አይተካውም፤ እርሱ የደረሰውን ድምፅ ከፍና ዝቅ ያደርጋል እንጂ የጉብታውን ቦታ አያነሳውም።

የድምፁ ኃይልም ይለያያል። በትይዩ የሚወጣው የሁለቱ ፒክአፖች አማካይ ነው፤ በተከታታይ የሚወጣው ድምር ነው። ልዩነቱ ወደ 6 ዴሲቤል ይጠጋል። ይህ የማጉያውን የመጀመሪያ ደረጃ ጠንከር አድርጎ ይመታዋል። ቱቦ ባለው ማጉያ የሚጫወት ሰው ያንን ትንሽ የመፋጀት ስሜት በጣቱ ኃይል ብቻ ማምጣት ሲጀምር ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል።

አንድ የተለመደ አባባል ማረም ይገባኛል። ጃዝ ቤዝ ሁለቱ ፒክአፖች ሲከፈቱ መካከለኛው ድምፅ ጎድጎድ የሚለው በትይዩ ስለተያያዙ ነው ይባላል። ዋናው ምክንያት ይህ አይደለም። ሁለቱ ፒክአፖች ክሩን በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ስለሚያዳምጡት አንዳንድ የድምፅ ክፍሎች እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ ይህ መጣፋት በተከታታይ ሲያያዙም አለ። በተከታታይ ጎድጓዳው የተሞላ የሚመስለው ጉብታው ወደ መካከለኛው ድምፅ ስለወረደና ከላዩ ያለው ብርሃን ስለቀነሰ ነው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ተስፋን ልክ ለማስያዝ ነው። ጃዝ ቤዝን በተከታታይ በማያያዝ የሌላውን የፌንደር ሞዴል፣ የፕሪሲዥን ቤዝን፣ ድምፅ በትክክል አገኛለሁ ብሎ የሚጠብቅ ሰው የውፍረቱንና የግፊቱን ዝምድና ያገኛል፤ ፒክአፖቹ የተቀመጡበት ቦታ የተለየ ስለሆነ ግን ያው ድምፅ አይሆንም።

ታዲያ ለማን የቱ ይሻላል? በአውራ ጣት እየመታ፣ በሌላው ጣት ክሩን እየነጠቀ የሚጫወት ሰው ትይዩን አይልቀቅ። ያ የላይኛው ጥርት ያለ ድምፅ የዚያ አጨዋወት ሕይወት ነው። ቤዝ ተጫዋቹ ማርከስ ሚለር በ1977 ሥሪቱ ጃዝ ቤዝ ያስለመደን ድምፅም በዚህ ትይዩ አያያዝ ላይ የቆመ ነው፤ መሣሪያ ሠሪው ሮጀር ሳዶውስኪ ያስገባለት ቅድመ ማጉያ (ቤዙ ውስጥ ሆኖ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማጉያ) ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ደምቋል። በጣት የሚጫወት፣ ሁለት ጊታርና ጠንካራ ከበሮ ባለበት ባንድ ውስጥ ድምፁ የሚጠፋበት ሰው ግን ተከታታዩን ይሞክር። ብቻውን ሲሰማ ደብዘዝ ያለ የሚመስለው ድምፅ ባንዱ መካከል ሲገባ ቦታውን ይይዛል። ለዚህም ነው ለብቻ በመለማመጃ ክፍል የሚደረግ ምርጫ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው።

ሁለቱንም የሚፈልግ ማብሪያ ያስገባል። ባለ ስድስት እግር ትንሽ ማብሪያ ወይም ሲሳብና ሲገፋ የሚቀያይር ማዞሪያ ይበቃል። ማዞሪያው አዲስ ቀዳዳ ስለማያስፈልገው እርሱን እመርጣለሁ። ፋብሪካዎችም ይህን መንገድ ያውቁታል፦ የፌንደር መሥራች ሊዮ ፌንደር በኋለኛው ዘመኑ የሠራው ጂ ኤንድ ኤል ኤል-2000 ከ1980 ጀምሮ የተከታታይና የትይዩ ማብሪያ ነበረው፤ ፌንደርም በ2003 ባወጣው ኤስ-1 በሚባለው ማዞሪያ ውስጥ በተደበቀ ማብሪያ የጃዝ ቤዝን ፒክአፖች ወደ ተከታታይ የሚቀይር አያያዝ አቅርቧል።

ተከታታይ ዋጋ የሚያስከፍልባቸው ነገሮችም አሉ። አንደኛ፣ ለኬብል ርዝመት በጣም ስስ ነው። ከላይ ባየነው ምሳሌ ኬብሉን ከ5 ወደ 10 ሜትር ብናስረዝመው ጉብታው ከ2300 ወደ 1700 ኸርትዝ ገደማ ይወርዳል፤ መድረክ ላይ ረጅም ኬብል የሚጎትት ሰው ድምፁ ሲታፈን ፒክአፑን ሊወቅስ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሁለቱ የድምፅ ማዞሪያዎች ለየብቻ መሥራታቸው ያበቃል፤ አንዱ የጋራ ይሆናል፣ ሌላው እንደ አያያዙ ሥራ ያጣል። ሁለቱን ፒክአፖች በመጠን እያደባለቀ መጫወት የለመደ ሰው ይህ ያስቸግረዋል። ሦስተኛው የሥራ ጉዳይ ነው። ከሁለቱ ፒክአፖች የአንዱ የመሬት ሽቦ ከመሬት ተላቆ ከሌላው የምልክት ሽቦ ጋር መገናኘት አለበት። የዚያ ፒክአፕ የብረት ሽፋን ወይም የታች ሳህን ከዚያው ሽቦ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ሽፋኑ ተለይቶ በራሱ ሽቦ ወደ መሬት መሄድ ይኖርበታል። ይህ ከተዘለለ ሽፋኑ የምልክቱ አካል ይሆንና እጅ በነካው ቁጥር ይጮኻል።

በአንድ ፒክአፕ ውስጥ ያሉ ሁለት ጥቅሎች

አንድ ፒክአፕ ብቻ ያለው ቤዝም ምርጫ አለው፤ በውስጡ ሁለት የሽቦ ጥቅል ካለ።

ፕሪሲዥን ቤዝ በ1951 ሲወጣ ባለ አንድ ጥቅል ነበር። በ1957 ዛሬ የምናውቀው ለሁለት የተከፈለው ፒክአፕ መጣ፦ አንዱ ግማሽ ለሁለቱ ወፍራም ክሮች፣ ሌላው ለሁለቱ ቀጭን ክሮች። ሁለቱ ግማሾች በማግኔትም በጥምጥም አቅጣጫም ተቃራኒ ስለሆኑ ከአካባቢው የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ጩኸት ያጠፉታል፤ የክሩ ድምፅ ግን አይጠፋም። የተያያዙት በተከታታይ ነው፣ አንድ ላይ ሲለኩም አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ኦም ይሆናሉ።

ይህንን ወደ ትይዩ መቀየር ይቻላል፤ ጩኸቱም እንደጠፋ ይቀራል። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ልዩ ነገር አለ። እያንዳንዱ ክር የሚሰማው በአንድ ግማሽ ብቻ ነው። በትይዩ ሲያያዙ ያ ክር የሌለበት ግማሽ ምንም ሳይጨምር ሸክም ብቻ ይሆናል፣ የክሩንም ቮልቴጅ በግማሽ ይቀንሰዋል። ድምፁ ይበራል፣ ግን ይሳሳል። ሰዎች ፕሪሲዥን ቤዝን የሚወዱት ለዚያ ደረቱን ነፍቶ ለሚገፋው ድምፅ ነው፤ ቤዝ ተጫዋቹ ጄምስ ጄመርሰን በ1962 ሥሪቱ ፕሪሲዥን ቤዝና በለስላሳ ክሮች ያንን ድምፅ ለትውልድ አስተምሯል። ትይዩው የሚወስደው በትክክል ያንን ነው። ስለዚህ የፕሪሲዥን ቤዝ ባለቤት ይህን ለውጥ ባያደርግ ምንም አይቀርበትም ብዬ አምናለሁ፤ ብርሃን ከፈለገ አዳዲስ ክር ያድርግ።

ሃምበከር፣ ማለትም ሁለቱም ጥቅሎች አራቱንም ክሮች የሚሰሙበት ሰፊ ፒክአፕ፣ ሌላ ታሪክ ነው። በ1976 የወጣው ሚውዚክ ማን ስቲንግሬይ ጥቅሎቹን በትይዩ አያይዞ በ9 ቮልት ባትሪ ከሚሠራ ቅድመ ማጉያ ጋር አቀረበው፤ ያ ቆንጠጥ የሚያደርግ ብርሃንና የጠበቀ የታች ድምፅ በከፊል የትይዩው ውጤት ነው። ይኸው ፒክአፕ በተከታታይ ቢያያዝ መካከለኛው ይወፍራል፣ የላይኛው ይለሰልሳል፣ ኃይሉም ይጨምራል። ሦስተኛ አማራጭም አለ፦ አንዱን ጥቅል ብቻ ማሠራት። በዚህ ጊዜ ክሩ የሚሰማው በጠባብ ቦታ ስለሆነ ድምፁ ይበልጥ ይጠራል። ጩኸቱ ግን ይመለሳል፤ ምክንያቱም የሚያጠፋው ጓደኛው ከሥራ ወጥቷል። ከፒክአፑ አራት ሽቦ የሚወጣ ከሆነ ሦስት ቦታ ያለው አንድ ማብሪያ ሦስቱንም ያስተናግዳል። ሁለት ሽቦ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ግን ፒክአፑን ከፍቶ ጥቅሎቹን መለየት ያስፈልጋል፤ ያ ቀጭን ሽቦ በቀላሉ ስለሚበጠስ ይህን ለባለሙያ ተዉት።

ለሃምበከር የእኔ ምርጫ የትይዩና የተከታታይ ጥንድ ነው። አንዱን ጥቅል ብቻ ማሠራት በጸጥታ ቀረጻ ክፍል ያምራል፤ መብራትና የድምፅ መሣሪያ በተጠጋጋበት መድረክ ላይ ግን ጩኸቱ ትዕግሥት ያስጨርሳል።

ሁለት የድምፅ ማዞሪያ ወይስ አንድ ማደባለቂያ?

የጃዝ ቤዝ የተለመደው አደራደር ሁለት የድምፅ ማዞሪያና አንድ የቃና ማዞሪያ ነው። በዚህ አያያዝ የፒክአፑ ሽቦ ወደ ማዞሪያው መካከለኛ እግር ይገባና ከዳር እግሩ ይወጣል። እንዲህ የሚደረገው አንዱ ሲዘጋ ሌላው አብሮ እንዳይጠፋ ነው። ሽቦው በተቃራኒው ከተበየደ አንዱን ዜሮ ስታደርጉ ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ በሰው እጅ በተጠገኑ ቤዞች ላይ ይህ ብዙ የሚታይ ስህተት ነው።

የዚህ አደራደር ውበት በመጨረሻዎቹ ጥቂት የዙር ደረጃዎች ላይ ነው። ሁለቱም ሙሉ ሲከፈቱ ጎድጎድ ያለው ድምፅ ይመጣል፣ ጩኸቱም ይጠፋል። አንዱን ትንሽ ብቻ ወደ ኋላ ስትመልሱት መካከለኛው ድምፅ ወዲያው ብቅ ይላል። የአንገቱ ሲቀነስ የብሪጁ (ክሮቹ በገላው ላይ የሚያርፉበት ብረት አጠገብ ያለው) ፒክአፕ ያ አፍንጫዊና ተናጋሪ ጠባዩ ይመጣል፤ ቤዝ ተጫዋቹ ጃኮ ፓስቶሪየስ ፍሬት (የአንገቱ የብረት መስመሮች) በሌለው ጃዝ ቤዙ የዘፈነው በዋናነት ከዚያ ነው። ዋጋው ደግሞ ይታወቃል፦ ሚዛኑ ሲዛባ ጩኸቱ ቀስ ብሎ ይመለሳል።

ማደባለቂያ ማለት በአንድ ማዞሪያ ከአንገቱ ወደ ብሪጁ መሸጋገር ነው፤ መሃሉ ላይ በእጅ የሚታወቅ ማቆሚያ አለው። በጨዋታ መካከል ቶሎ ለመቀየር ይመቻል፣ የአጠቃላይ ድምፅ ማዞሪያም ለብቻው ይኖራል። ከቅድመ ማጉያ ጋር ሲሆን ደስ ይላል። ባትሪ በሌለው ቤዝ ላይ ግን ተጨማሪ ሸክም ስለሚሆን ብርሃኑን ትንሽ ይሰርቃል፤ በእኔ አስተያየት እዚያ ሁለቱ ማዞሪያዎች ይሻላሉ።

የማዞሪያውና የካፓሲተሩ መጠን

ማዞሪያው ሙሉ ተከፍቶም ቢሆን ምልክቱ በከፊል በእርሱ በኩል ወደ መሬት ይፈስሳል፤ ይህም የጉብታውን ጫፍ ያዶለዱመዋል። በጃዝ ቤዝ ላይ ሦስት ባለ 250 ኪሎ ኦም ማዞሪያዎች አንድ ላይ ሲቆጠሩ ፒክአፖቹ የሚያዩት ሸክም 83 ኪሎ ኦም ገደማ ነው። በ500 ቢተኩ ሸክሙ በግማሽ ይቀላል፣ ጉብታው ይሾላል፣ ድምፁም ከላይ ይከፈታል። ለባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ 250፣ ለሃምበከር 500 የሚለው ልማድ ከዚህ የመነጨ ነው። በተከታታይ አያይዛችሁ ድምፁ ከሚገባው በላይ ከጨለመባችሁ ወደ 500 መሄድ ከሁሉ ቀላሉ መድኃኒት ነው።

የቃና ማዞሪያው ካፓሲተር ልዩነት የሚያመጣው ማዞሪያው ወደ ታች ሲወርድ ነው። ሙሉ ሲከፈት የካፓሲተሩ መጠን ከሞላ ጎደል አይሰማም። ከላይ በወሰድነው 4 ሄንሪ ፒክአፕ ማዞሪያው ዜሮ ላይ ሲደርስ፣ በ0.022 ማይክሮፋራድ ድምፁ ከ530 ኸርትዝ አካባቢ ጀምሮ ይቆረጣል፤ በ0.047 ከ365፣ በ0.1 ደግሞ ከ250 አካባቢ ጀምሮ። በድሮዎቹ ፕሪሲዥን ቤዞች ላይ የነበረው 0.1 ነው፤ ዛሬ ፋብሪካዎች በብዛት የሚጠቀሙት 0.047 ነው። የቃና ማዞሪያውን ዘግቶ የሚጫወት ሰው 0.022ን ቢሞክር የኖታው ግልጽነት እንዳልጠፋ ያስተውላል። ስለ ካፓሲተሩ ቁስ፣ ወረቀትና ዘይት ወይስ ሴራሚክ ስለሚባለው፣ የምለው አጭር ነው፦ በመጠን እኩል ከሆኑ ገንዘባችሁን ለክር አውሉት።

ካፓሲተር በሌላ መንገድም ያገለግላል። በሪከንባከር 4001 ቤዝ ላይ 0.0047 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በብሪጁ ፒክአፕ መንገድ ላይ በተከታታይ ተቀምጦ ነበር። ወፍራሙን ድምፅ ያግድና ቀጭኑን ብቻ ያሳልፋል፤ ከአንገቱ ፒክአፕ ጋር ሲደባለቅ ሹል የሆነው የላይ ድምፅ ከወፍራሙ ላይ ተለይቶ ይቀመጣል። በፕሌክትረም (በክር መምቻ) ለሚጫወት፣ የቤዙን ምት እንደ ከበሮ ጥርት አድርጎ ማውጣት ለሚፈልግ ሰው መሞከር የሚገባው ነው።

የተገላቢጦሽ አያያዝ

አንዱን ፒክአፕ ከሌላው በተቃራኒ አቅጣጫ ማያያዝ ወፍራሙን ድምፅ ያጠፋዋል፤ የሚቀረው ቀጭንና ክፍት የሆነ ድምፅ ነው። ለጊታር ጥቅም አለው፤ የቤዝ ሥራ ግን መሠረቱን መያዝ ነው። ለዚህ ብላችሁ ማብሪያ አታስገቡ።

ሳይታሰብ ሲፈጠር ግን ማወቅ ያስፈልጋል፤ በተለይ ከሁለት የተለያዩ አምራቾች የመጡ ፒክአፖች ሲጣመሩ። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ እያንዳንዱ ለብቻው ጤናማ ነው፣ አንድ ላይ ሲከፈቱ ድምፁ ይከሳል። ከመበየዳችሁ በፊት ለማረጋገጥ ቀስት ያለውን መልቲሜትር ከፒክአፑ ጋር አገናኙና ብረት የሆነ መፍቻ ወደ ማግኔቱ ጠጋ አድርጋችሁ ንኩት። ቀስቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ዘለል ይላል። ሁለተኛው ፒክአፕም በዚያው አቅጣጫ ካዘለለው አብረው ይሠራሉ፤ ካልሆነ የአንዱን ሁለት ሽቦዎች ቦታ ቀይሩ። ሆኖም ድምፁ ተስተካክሎ ጩኸቱ አልጠፋም ማለት ማግኔቶቹ አንድ ዓይነት አቅጣጫ አላቸው ማለት ነው፤ ይህን ሽቦ በመቀያየር አታስተካክሉትም።

ቅድመ ማጉያና ባትሪ

ቅድመ ማጉያ ያለው ቤዝ ከሌለው የሚለይበት ትልቁ ነገር የወፍራምና የቀጭን ማዞሪያዎቹ ብቻ አይደሉም። ቅድመ ማጉያው በፒክአፑና በኬብሉ መካከል ይቆማል፤ ስለዚህ የኬብሉ ካፓሲታንስ ፒክአፑን አይደርስበትም። ጉብታው ወደ ላይ ይወጣል፣ የኬብሉም ርዝመት ድምፁን መለወጡን ያቆማል። ረጅም ኬብልና ብዙ የእግር መሣሪያ ለሚጠቀም ሰው ይህ እረፍት ነው። ያንን ትንሽ ደብዘዝ ያለ ሙቀት የሚወድ ሰው ግን ያጣዋል።

ተከታታይን እወዳለሁ፣ ኬብሌ ግን ያፍነዋል ለሚል ሰው ሁለቱን ማጣመር መልካም መውጫ ነው፦ በተከታታይ የተያያዙ ፒክአፖች፣ ከኋላቸው ቃናውን የማይነካ ቀላል ቅድመ ማጉያ። በዚህ ላይ ግን ተከታታዩ የሚሰጠው ከፍ ያለ ቮልቴጅ የ9 ቮልቱን ወሰን ሊነካ ይችላል። ክሩን አጥብቃችሁ ስትመቱ ድምፁ ከተሰነጠቀ፣ ቅድመ ማጉያው የሚፈቅድ ከሆነ፣ ሁለት ባትሪ አከታትሎ 18 ቮልት መስጠት ይረዳል።

ቅድመ ማጉያው በራሱ በፒክአፑ ውስጥ የተሠራባቸው፣ ኢኤምጂ የሚባለው አምራች የሚያወጣቸው ዓይነቶች ባለ 25 ኪሎ ኦም ማዞሪያ ይጠይቃሉ። እነርሱን ከተራ ፒክአፕ ጋር በአንድ ማዞሪያ ላይ ማደባለቅ ሚዛኑን ያዛባዋል፤ ተራው ፒክአፕ በ25 ኪሎ ኦም ሸክም ሥር ይታፈናል። አብዛኞቹ ባለ ባትሪ ቤዞች የሚበሩት ኬብሉ ሲሰካ ስለሆነ ከጨዋታ በኋላ ኬብሉን መንቀል አትርሱ።

የፕሪሲዥንና የጃዝ ጥምር

በአንገት በኩል የፕሪሲዥን፣ በብሪጅ በኩል የጃዝ ፒክአፕ ያለው ቤዝ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የፕሪሲዥኑ ፒክአፕ ጩኸቱን በራሱ ስለሚያጠፋ ለጃዙ ፒክአፕ አጋር አይሆነውም፤ ስለዚህ ሁለቱ ሲከፈቱ የጃዙ ጩኸት እንዳለ ይሰማል። መፍትሔው በሽቦ አያያዝ አይመጣም። በዚያው መጠን የተሠራ፣ በውስጡ ሁለት ጥቅል ያለው ጸጥተኛ ፒክአፕ መግዛት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ፒክአፕ ግዙ የምለው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ሁለቱን በተከታታይ ማያያዝ ይቻላል፤ ሬዚስታንሱ ወደ 18 ወይም 19 ኪሎ ኦም ይደርሳል፣ ድምፁም ከባድና ጨለማ ይሆናል። ለዝግተኛና ለከባድ ሙዚቃ ያስደስታል፣ ለሌላው ትይዩ ይሻላል።

ስታወዳድሩ

ተከታታይ ከትይዩ የ6 ዴሲቤል ያህል ስለሚበልጥ፣ ማብሪያውን ቀያይሮ ወዲያው የሚፈርድ ሰው ሁልጊዜ ተከታታዩን ይመርጣል፤ ጆሮ ጮክ ያለውን የተሻለ አድርጎ ይቆጥራልና። ስለዚህ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ። ይህን በቤዙ ላይ ባለው የድምፅ ማዞሪያ አታድርጉት፤ ባትሪ በሌለው ቤዝ ላይ እርሱ ሲወርድ ቀጭኑን ድምፅ አብሮ ስለሚቀንስ ፍርዱን ያዛባል። በማጉያው ላይ አስተካክሉ። ከዚያ አንድ ዓይነት ሐረግ በሁለቱም አያያዝ ቅረጹና ከበሮና ሌላ መሣሪያ ባለበት ቀረጻ ውስጥ አስገብታችሁ ስሙት።

ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት የነበረውን አያያዝ ከቅርብ ፎቶ አንሱ፤ የእያንዳንዱን ሽቦ ቀለምና የተበየደበትን እግር ጽፋችሁ ያዙ። ከጨረሳችሁ በኋላ ክዳኑን ሳትዘጉ ኬብሉን ሰክታችሁ በእያንዳንዱ ፒክአፕ ላይ መፍቻ ነካ ነካ አድርጉ፤ ማብሪያው በሁሉም ቦታው ላይ ሲሆን ሁለቱም ድምፅ መስጠት አለባቸው። ክሩን በእጅ ስትነኩ ጩኸቱ ከቀነሰ የብሪጁ የመሬት ሽቦ በቦታው አለ፤ ከጨመረ ግን የምልክትና የመሬት ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ተገለባብጠዋል፣ ብዙውን ጊዜም ኬብሉ የሚሰካበት ጃክ ላይ ነው።